ለልጅ ያገሩን ነገር ስለ ማስተማር

መምህር ለልጅ ያገሩን ታሪክና ያገሩን መልክዐ ምድር ለማስተማር በተነሣ ጊዜ ሁለት ነገር ይፈለግበታል። አንደኛው ልጁ አገሩን እንዲያውቅ ነው፤ ሁለተኛውም እንዲወድ ነው። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ ተስማምተው ይሄዳሉና ማንም ልብ አይላቸውም። ነገር ግን አንዱ ወደ ቀኝ፥ ሌላው ወደ ግራ የሚስብበት ቀን አይቀርም፤ ይኸውም የሚታወቀው ነገር ለመውደድ የማይመች ሲሆን ነው። በዚያን ቀን መምህሩ የትኛውን ያስቀድማል? ልጁ አገሩን እንዲወድ ብሎ ዕውቀቱን ይቀንስበታልን? ወይስ ዕውቀቱን ሞልቶ ይሰጠውና ፍቅሩን እንደሚሆን ይሁን ብሎ ይተዋል? ጥያቄው ለመምህራን ብቻ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን አባት በምድጃ ዳር፥ ካህን በዐውደ ምሕረት፥ ሽማግሌም በማኅበር ላይ ልጆች እየሰሟቸው ስለ አገራቸው ይናገራሉና ሁሉም በየፊናቸው ይህንኑ ትምህርት የሚያስተምሩ ናቸው።

ነገሩን በደፈናው ከመናገር አንድ አገር ይዞ መመልከት ይሻላል። ለዚህም ጎጃም ይመቻል። ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና እንደ ቀለበት ዞሮ ወደ ምዕራብ፥ ከዚያም ወደ ሱዳን ቆላ ይሄዳል። ስለዚህ ጎጃም በሦስት ወገን በወንዙ የተከበበ፥ በሰሜንም ጣና የሚዘጋው፥ ደሴት የሚመስል አገር ነው። ሊቃውንት ግዮን የኢትዮጵያን ምድር ይከብባል የሚለውን የኦሪት ዘፍጥረት ቃል ሲተረጕሙ ዓባይን ማመልከታቸው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ካርታ ያየ ሁሉ ያስተውለዋል። የወንዙ ሸለቆ በአንዳንድ ስፍራ ከአንድ ሺህ ሜትር ይልቅ ይጠልቃል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ በረሃ፥ ከበረሃም ተመልሶ ወደ ደጋ ይወጣል። ድልድይ ሳይሠራ በፊት ክረምት በገባ ጊዜ ጎጃሜ ከሸዋ ሰው ጋራ የሚገናኝበት መንገድ ይቋረጥ ነበር። የጎጃም ሰው ከመሐል አገር ለሚመጣ ትእዛዝ ቶሎ የማይታጠፍ መሆኑን ታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው አንሥተዋል፤ ምክንያቱን ከሰው ጠባይ ብቻ የሚፈልግ ግን ገደሉን ረስቷል።

እንግዲህ መምህሩ ከየት ይጀምር? ከካርታው መስመር ቢጀምር ልጁ የሚያየው ቀለም ነው። ከትምህርት ቤቱ በስተኋላ ካለው ጅረት ቢጀምር ግን ልጁ እግሩን ከነከረበት ውኃ ይጀምራል። ጅረቱ ወዴት ይወርዳል? ከየት ይመጣል? ብሎ ቢጠይቅ የደብረ ማርቆስና የሞጣ ልጅ ሽቅብ ሲከተለው ብዙ ጊዜ ጮቄ ተራራ ላይ ይደርሳል። ይህ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፥ ጅብራ የሚበቅልበት፥ ገብስና ድንች የሚዘራበት ብርዳም ስፍራ ነው፤ ከእርሱም የሚመነጩት ወንዞች ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም በየአቅጣጫው ዞረው ዞረው ዓባይን ያገኙታል። የሰቀላ ልጅ ደግሞ የሩቁን ሳይፈልግ ግሽ ዓባይን ከደጁ ያገኛል፤ ከዚያ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል፤ ከጎንደር ወገን ርብ፥ ጉማራና መገጭ ይጨመሩበትና ሁሉም አንድ ሆነው በባሕር ዳር ይወጣሉ። ይህን በእግሩና በዓይኑ ያወቀ ልጅ፥ ቤቱ ከጎረቤቱ ቤት ጋራ በውኃ የታሰረ መሆኑን ማንም ሳይሰብከው ዐውቋል።

በግሽ ምንጭ ላይ አንድ ጥቂት ነገር መቆየት ይገባል። የእስፓኙ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ሆኖ ይህን ምንጭ አይቶ ጽፏል። ከአንድ መቶ አምሳ ዓመት በኋላ፥ በ1763 ዓ.ም.፥ የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ መጥቶ ከኤውሮፓ ሰዎች መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ አለ፤ የፓኤዝንም መቅደም ሊቀበል አልወደደም። ስለ ሁለቱ ክርክር ብዙ ቀለም ፈስሷል። ነገር ግን ሁለቱም በደረሱ ጊዜ የአገው ሰዎች በምንጩ አጠገብ ይኖሩ ነበር፤ ምንጩንም ከአያት ከቅድመ አያት ጀምረው ያከብሩት ነበር። ያልጠፋ ነገር ተገኘ ሊባል አይችልም። ልጅ በባዕድ መጽሐፍ ብቻ አገሩን ቢማር የአያቱን ጓሮ ሌላ ሰው እንዳገኘለት አድርጎ ያምናል። በሌላ ወገን ደግሞ የባዕዱን መጽሐፍ ፈጽሞ ቢጥለው፥ አራት መቶ ዓመት ያለፈውን የአገሩን መልክ የጻፈለትን ምስክር አጣ ማለት ነው። መምህሩ ሁለቱንም አቅርቦ ልጁን ቢያመዛዝን ይሻላል።

ውኃው ግን ብቻውን አይሄድም። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ ግንዱን እንጂ አፈሩን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ከጮቄ ተዳፋት በየክረምቱ የሚታጠበው አፈር በሱዳን ከሮዜሬስ ግድብ ገብቶ ተኝቷል፤ ግድቡ በ1958 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ ውኃ ከሚይዘው ስፍራ ከፊሉን ደለል ወስዶበታል። ከዚያ ቀደምም ስፍር ቍጥር ለሌለው ዘመን ይኸው አፈር የግብጽን እርሻ ሲያለመልም ኖሯል። የጎጃም ገበሬ አባቱ ያረሰውን መሬት ሱዳን ወርዶ ሊጠይቀው ይችላል ቢባል ቀልድ አይደለም። ልጅ ይህን በተማረ ጊዜ ሁለት ነገር ይረዳል፤ የአገሩ ነገር በአገሩ ድንበር እንደማያልቅ አንድ፤ ዛፍ መቍረጥና እርከን አለመሥራት የገዛ ቤቱ ጥፋት መሆኑ ሁለት። ሁለተኛውን ማንም በሌላ ሰው ሊያላክክ አይችልም።

ድንበሩ ራሱ እንዴት ያለ ነገር ነው? በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ጎጃምን ጠቅላይ ግዛት አደረገው፤ የአገው ምድርና መተከልም ከአውራጃዎቹ መካከል ነበሩ። በ1980 ዓ.ም. ምሥራቅ ጎጃም፥ ምዕራብ ጎጃምና መተከል ተብሎ ተከፈለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ክልሎችን ሲያቆም፥ ሁለቱ ጎጃሞችና አዊ ወደ አማራ ክልል፥ መተከልም ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ገቡ። እንግዲህ በቻግኒ አጠገብ የተወለደ አያት፥ ልጁና የልጅ ልጁ ሦስቱም በአንድ ሜዳ ከብት ጠብቀው አገርህ ማን ይባላል ቢባሉ ሦስት መልስ ይሰጣሉ፤ ሦስቱም ትምህርት ቤት የተማሩትን ነው የተናገሩት። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ ድንበር ከንቱ ነገር ነው ይላል፤ ይህ አይደለም። ግብር የሚከፈለው፥ ዳኛ የሚቀመጠው፥ ልጅም በእንጅባራ በአዊኛ፥ በደጀን በአማርኛ የሚማረው በድንበር ነው። በአፍ በፈታበት ቋንቋ መማሩም ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የተገኘ ትልቅ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን ሰዎች በሠሩት ድንበርና እግዚአብሔር በሠራው ሸለቆ መካከል ልዩነት እንዳለ ልጅ ከሕፃንነቱ ቢያውቅ፥ ስለ መስመር ሲባል ሰው ለመግደል አይቸኵልም።

የጎጃምን ክብር ማስተማር ቀላል ነው፤ ስለዚህ ብዙ ቃል አይፈልግም። እቴጌ እሌኒ ያሠሯት መርጡለ ማርያም፥ የዲማ ጊዮርጊስ፥ የደብረ ወርቅ፥ የጣና ገዳማት፥ በዳጋ እስጢፋኖስ ያረፉት የነገሥታት ዐፅም፥ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ፥ ፍቅር እስከ መቃብርን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ፤ ይህን ሁሉ ልጅ በደስታ ይሰማዋል። ይሁን እንጂ በዚህም ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ባያልፍ መልካም ነው። ቅኔ ሊማር ከትግራይ፥ ከሸዋና ከወሎ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ጎጃምን አስከበረ፤ የጎጃሙ ተማሪ ደግሞ ድጓን ሊያስመሰክር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕትን ሊማር ወደ ዙር አምባ፥ ቅዳሴን ሊያጠና ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ሰለልኩላ ይሄድ ነበር። ካርታ ባልነበረበት ዘመን አገሩን ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ይህ አኵፋዳ ያነገተ፥ ውሻ የሚያባርረው ልጅ ነበረ። ትምህርቱ በአንድ አገር ተጀምሮ በአንድ አገር የሚያልቅለት ሊቅ አልነበረም።

አስቸጋሪው ከዚህ ወዲያ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በአገሩ ሁሉ ስሙ የታወቀ ነበረ። ከዓባይ ማዶ ወርቅ፥ ቡና፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመጣበታል፤ ከሰሜን ደግሞ ከአፋር በረሃ የተቈረጠ አሞሌ ጨው ይገባበታል። መምህር እስከዚህ ድረስ ደስ እያለው ያስተምራል፤ ልጆችም ነጋዴው ስንት ቀን እንደሚጓዝ ይቈጥራሉ። ነገር ግን ከወርቁና ከቡናው ጋራ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከደቡብ ተነድተው የመጡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ከዚያ ተገዝተው ወደ ጎንደር፥ ከዚያም አልፈው ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ይወሰዱ ነበር። የጎጃም ደገኞች፥ አማራውም አገውም፥ ወደ ምዕራብ ቆላ እየወረዱ ጉሙዞችን በፈንገላ ይማርኩ ነበር። ሻንቅላ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ዘመን አፍ ነው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ባሪያ የሚናገር አንቀጽ ስለ ነበረው ጌቶች ሥራቸውን ሕጋዊ ነው ብለው ይኖሩ ነበር። ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ዐዋጅ የወጣው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በአያት ዘመን እንጂ በኖኅ ዘመን አይደለም።

ለዚህ ተቃውሞ አለው፤ ተቃውሞውም የሰነፎች አይደለም። አስተዋዮች እንዲህ ይላሉ፤ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያልሠራውን ኀጢአት ለምን ይሸከም? ደግሞም ጊዜው ክፉ ነው፤ ሰው ለሰው አልተማመነም፤ የደረቀ ቍስል የሚነካ ሰው ሐኪም አይባልም፤ ዝም ቢባል ትውልድ አልፎ ይረሳል። በጎ ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ ልቡ ያዘነብላል።

ነገር ግን መርሳት ለሁለቱም ወገን በአንድነት አይመጣም። የሸጠ ቶሎ ይረሳል፤ የተሸጠ አይረሳም። የደጋው ልጅ በዝምታ ያደገ እንደ ሆነ፥ የቆላው ልጅ የሚነግረው ነገር ሁሉ አዲስ ስድብ ይመስለዋል፤ ተሰድቤአለሁ ብሎም ይቈጣል። ስለ ንስሐ የሚያስተምር ካህን ነገሩን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ ስሙ ያልተጠራ ኀጢአት አይፈታም። ልጁ ኀጢአቱን ባይሠራውም ስሙን ማወቅ ይገባዋል፤ ርስት የሚወርስ ሰው የአባቱን ዕዳ ሰምቶ እንዲወርስ ማድረግ ግፍ አይደለምና። ይልቁንም ግፍ የሚሆነው ዕዳውን ከባለ ዕዳው ልጅ ሸሽጎ፥ ባለ ገንዘቡ አንድ ቀን በደጅ ላይ ቆሞ እንዲነግረው መተው ነው።

በዚህ ነገር ሥርዐቱ ብዙውን ይወስናል። የወገኑን በደል ከገዛ ወገኑ መምህር የሚሰማ ልጅ ያፍራል፤ ኀፍረቱም ያሳድገዋል። ያንኑ ነገር ከሌላ ወገን ሰው የሰማ እንደ ሆነ ይሟገታል። በወገኑ ላይ የተደረገውን በደል አስቀድሞ የሰማ ልጅ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚነገረውን አይሰማም፤ ጆሮው ሞልቷልና። ስለዚህ በጎጃም ትምህርት ቤት ባሶ ከ1881 ዓ.ም. መቅደም ይገባዋል። በዚያ ዓመት ዐፄ ዮሐንስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ከዳኝ ብለው ተጠራጥረው በሠራዊታቸው ጎጃምን አስዘረፉ፥ አስጠፉ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ይኸው የጎጃም ጦር ደርቡሽን ሲመክት አልቆ ነበር፤ የዘረፈውም ሠራዊት በአንድ ማዕተብ የታሰረ የገዛ አገር ሠራዊት ነው። በዚያው ዘመን ከብቱ በበሽታ አልቆ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ተጨመረበት። ይህን ልጅ ሲሰማ ያለቅሳል፤ ማልቀስም ይገባዋል። አስቀድሞ ባሶን የተማረ ልጅ ግን ሲያለቅስ ሌላ የሚያለቅስ ሰው እንዳለ ያስታውሳል።

የእምባቦን ጦርነትም እንዲሁ ነው። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተዋጉ፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተማረከ። በጎጃም የሚነገረው ስለ ምርኮው ነው፤ በሸዋ ስለ ድሉ። እምባቦ ግን በጎጃምም በሸዋም አይደለም፤ በሆሮ ጉዱሩ ነው። ጠቡም ከዓባይ ማዶ ያለውን የኦሮሞ አገር ማን ያስገብር የሚል ነበር። ሁለት እንግዶች በባለቤቱ ማሳ ላይ ሲታገሉ አዝመራው እንዴት እንደ ሆነ የሚጠይቅ መምህር ካለ፥ ያ መምህር ለልጁ ከጦርነቱ ቀን የሚበልጥ ነገር አስተምሮታል።

እውነት የሚያስከፋው ጎረቤትን ብቻ አይደለም፤ መንግሥትንም ያስከፋል። የቢቸናው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በአምስቱ የጠላት ዘመን ጣልያንን ሲዋጋ ኖሮ፥ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ሞተ፤ የሰቀለው ጠላት አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ አልገብርም ብሎ ተነሣ፤ አውሮፕላን ሳይቀር ተላከበት፤ በመጨረሻም መንግሥት ውዝፉን ግብር ማረ። በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች ልጅ ለማን ይፍረድ? መምህሩ ፍርዱን ነግሮ ሊያሳርፈው ባይቸኵል ይሻላል። ሕግ ማክበርና ግፍን አለመቀበል ሁለቱም ደግ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው በተጋጩ ጊዜ ግን ሰው ምን እንደሚያደርግ በገዛ አያቶቹ ታሪክ ቢያይ፥ ከሮማና ከዮናኒ ታሪክ ይልቅ ይገባዋል። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ መባሉ ለእንዲህ ያለው ነው።

ይህ ሁሉ የድሮ ነገር ነው የሚል ቢኖር መተከልን ይመልከት። በ2011 ዓ.ም. በጃዊ በጉሙዞች ላይ የበቀል ግድያ ተፈጽሟል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በመተከል በአንድ ቀን ከመቶ የሚበልጡ ነዋሪዎች ተገድለዋል፤ ከሟቾቹ አማሮች ነበሩባቸው። ከገዳዮቹ አንዱም ያገሩን ነገር ሳይማር ያደገ አይደለም፤ ሁሉም ከአንድ ሰው ተምረዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የተማረው እኩሌታውን ነው። እኩሌታ ታሪክ ካለማወቅ ይልቅ እጅን ያፈጥናል፤ ያላወቀ ሰው ቢያንስ ይጠይቃልና።

በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጕሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተሠራው በዚሁ በመተከል፥ በጉባ ነው። የሰቀላ ልጅ ምንጩን ያያል እንጂ ግድቡን አያይም፤ የጉባ ልጅ ግድቡን ያያል እንጂ ምንጩን አያይም። ውኃው አንድ ሲሆን አንዱ በአማርኛ ወይም በአዊኛ፥ ሌላው በጉሙዝኛ ይናገርለታል። የሰቀላው መምህር የባሶን ገበያ ባስተማረበት ሳምንት የጉባው መምህር ስለዚያው ዘመን ለልጆቹ ምን እንደሚነግር ጠይቆ ቢጽፍ፥ ወጪው የደብዳቤ ዋጋ ብቻ ነው። ከመምህራኑም ቀጥሎ ልጆቹ ቢጻጻፉ ይበልጥ ይጠቅማል። ስለ ምንጩና ስለ ግድቡ መጠያየቁ አስቸጋሪ አይሆንም። ነገር ግን ልጆች ናቸውና ከጥቂት ደብዳቤ በኋላ ከጉባ አንዱ፥ በእናንተ አገር ሽማግሌዎች እኛን በምን ስም ይጠሩናል? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የሰቀላው ልጅ ስሙን ያውቀዋል፤ ከቤቱ ሰምቶታል። ደብዳቤውን ይዞ ወደ መምህሩ በመጣ ጊዜ መምህሩ ቃሉን በሰሌዳው ላይ ጽፎ ከየት እንደ መጣ ማስረዳት ይኖርበታል።